ሉዊ ፓስተር፦ የእርሾን ምስጢር የገለጠው የቆዳ ፋቂ ልጅ



ከፋሲካ በኋላ ትምህርት እንደተጀመረ፣ በኡልፓን ክፍላችን የሚማሩ አንዲት እናት አንድ ጥያቄ አነሱ። እሳቸው ጎንደር ሳሉ ፋሲካ ሲቃረብ የቤቱን እርሾ ሁሉ ይደፋሉ፤ አሮጌውን ዕቃ አስወግደው በአዲስ ይተካሉ። በዓሉ ካለፈ በኋላ በአዲሱ ቡሃቃ ዱቄትና ውሃ ብቻ ለውሰው ከድነው ያስቀምጣሉ። ማንም እርሾ አልጨመረበትም። ሆኖም ከጥቂት ቀን በኋላ ሊጡ አረፋ ያወጣል፣ ኩፍ ይላል፣ ያ የምናውቀው ኮምጠጥ ያለ ሽታ ይመጣል። ታዲያ ይህ አዲስ እርሾ ከየት መጣ? ጥያቄያቸው ይህ ነበር። ክፍሉ ሁሉ ዝም አለ። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር።

ለካ ይህ ጥያቄ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ከ150 ዓመት በፊት የአውሮፓ ታላላቅ ሊቃውንት በዚሁ ጉዳይ ዓመታት ሙሉ ተከራክረውበታል፣ ተጣልተውበታል። መልሱን ያገኘው ሰው ስም ደግሞ ሁላችንም ከሱፐር የምናመጣው የወተት ከረጢት ላይ ይገኛል። እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሐላቭ ሜፉስታር ይላል። ሜፉስታር የሚለው ቃል የወጣው ከሰው ስም ነው። ሰውየው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። አዲስ አበባ የኖራችሁም በጉለሌ በኩል ፓስተር የሚባለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ። የሰፈሩ ስም የመጣው እዚያ ከነበረው፣ በዚሁ ሰው ስም ከተጠራውና የእብድ ውሻ ክትባት ይሠራበት ከነበረው ተቋም ነው።

እንግዲህ የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ እናጫውታችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቤቱን የናፈቀው ልጅ

ሉዊ ፓስተር የተወለደው ዲሴምበር 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ ዶል በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ዣን ዦዜፍ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ በሳጅንነት ያገለገለ፣ ከጦርነት ሲመለስ ቆዳ መፋቅ ሥራው ያደረገ ሰው ነበር። ሉዊ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ አርቧ ወደምትባል ትንሽ የወይን አገር ተዛወረ። ቤታቸውና የቆዳ መፋቂያው አንድ ግቢ ነበር። ልጁ ያደገው በወንዝ ዳር፣ በቆዳና በቆዳ ማልፊያ ሽታ ውስጥ ነው።

በአገራችን የእጅ ሥራ ያለው ሰው፣ ቀጥቃጩም ሸክላ ሠሪዋም፣ ምን ተብሎ ይሰደብ እንደነበር ለእናንተ መንገር አያሻም። የቆዳ ፋቂው ልጅ ግን ከአባቱ እጅ ሁለት ነገር ተማረ፤ ሥራን አለመናቅና በትዕግሥት መመልከት። ሥዕልም ይወድ ነበር። በልጅነቱ የሳላቸው የእናቱና የአባቱ ሥዕሎች እስከ ዛሬ አሉ። በትምህርቱ ግን ጎበዝ የሚባል አልነበረም፤ ዝግ ያለ፣ ሳያረጋግጥ ምንም የማይል ልጅ ነበር።

በ1838 ዕድሜው 15 ዓመት ሲሆን ለትምህርት ወደ ፓሪስ ተላከ። እዚያ ግን አልሆነለትም። ናፍቆት ገደለው። እህል አልወርድ አለው፣ እንቅልፍ አጣ። የናፈቀው የአባቱን የቆዳ መፋቂያ ሽታ ነበር ይባላል። አንድ ወር ያህል እንደቆየ አባቱ መጥቶ ወደ ቤት ወሰደው። እኛም ከአገር ወጥተን ስንት ሌሊት የምጣዱና የጭሱ ሽታ እንደ መጣብን እናውቃለን፤ ስለዚህ በዚህ ልጅ አንፈርድም።

ሆኖም በዚያ አልቀረም። ለቤቱ ቀረብ ባለችው በቤዛንሶን ተምሮ እንደገና ፓሪስ ገባ። በ1842 በተፈተነ ጊዜ የኬሚስትሪ ውጤቱ መካከለኛ ተብሎ ተጻፈ። በዚያው ዓመት ለታላቁ የመምህራን ትምህርት ቤት ተፈትኖ አልፎ ነበር፤ ግን ደረጃው ዝቅ ስላለበት ገብቶ ከመማር ይልቅ አንድ ዓመት ጨምሮ አጠናና በ1843 አራተኛ ሆኖ ገባ። እንግዲህ የዕብራይስጥ ፈተና አንድ ጊዜ ያልሆነለት ሰው ካለ፣ በኬሚስትሪ መካከለኛ የተባለው ልጅ በኋላ ምን እንደሆነ ይመልከት።

የመጀመሪያ ሥራው ከወይን ጠጅ ጋር የተያያዘ ነበር። በወይን በርሜል ግድግዳ ላይ የሚቀር ደለል አለ፤ ከዚያ የሚወጣውን አሲድ ያጠና ነበር። በ1848 ፍርፋሪውን በማይክሮስኮፕ እያየ አንድ ባንድ በእጁ ለየው። ግማሹ እንደ ግራ እጅ፣ ግማሹ እንደ ቀኝ እጅ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ የግራና የቀኝ ልዩነት የሕይወት ምልክት ነው የሚል ሐሳብ በልቡ አደረ። ወደ እርሾ የመራውም ይኸው ሐሳብ ነው።

በ1849 ስትራስቡርግ ከተማ ሲያስተምር የዩኒቨርሲቲውን ኃላፊ ልጅ ማሪ ሎራንን አገባ። ማሪ ዕድሜዋን ሙሉ የሚነግራትን እየጻፈች፣ ሥራውን እያገዘች የኖረች ሴት ናት።

የኮመጠጠው ጋን

በ1854 ሊል በምትባል የፋብሪካ ከተማ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኖ ተሾመ። በዚያ አካባቢ ስኳር ካለው ከአንድ ዓይነት ቀይ ሥር አልኮል ይወጣል። በ1856 ቢጎ የሚባል የአንዱ ተማሪ አባት፣ የፋብሪካ ባለቤት፣ ወደ ፓስተር መጣና ችግሩን ነገረው። ገሚሱ ጋን ደህና ሲፈላ ገሚሱ ይኮመጥጣል፣ ይበላሻል፤ ገንዘቡም ይጠፋል።

ጠላ የጠመቁ እናቶቻችን ይህን ችግር ያውቁታል። ጌሾው ያው፣ ብቅሉ ያው፣ ውሃው ያው፤ አንዱ ጋን ያማረ ጠላ ሲሆን ሌላው ኮምጣጤ ይሆናል። ለዚህ ነው ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ የሚያጥኑት።

ፓስተር የተማረ ሰው ነኝ፣ ሽታ አልወድም አላለም። ከፋብሪካው እየተመላለሰ ከደህናውም ከተበላሸውም ጋን እየቀዳ በማይክሮስኮፕ መረመረ። በደህናው ጋን ውስጥ ክብ ክብ ያሉ፣ ጎናቸው ላይ እንደ ቡቃያ ትንሽ ክብ እያወጡ የሚራቡ ነገሮች አየ። ይህ ዛሬ በዕብራይስጥ ሽማሪም የምንለው ነው። በኮመጠጠው ጋን ውስጥ ግን ሌላ አየ፤ ከሽማሪም በጣም ያነሱ፣ እንደ ስንጥር ቀጫጭን ነገሮች ሞልተውበታል። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጡት ክቦቹ፣ ወደ ኮምጣጣ አሲድ የሚለውጡት ስንጥሮቹ መሆናቸውን ተረዳ። ጋኑ የተበላሸው ሌላ ዘር ስለገባበት ነው። ልክ በጤፍ ማሳ እንክርዳድ እንደሚገባ ማለት ነው።

በ1857 ወተትን ስለሚያኮመጥጠው ፍላት የመጀመሪያውን ጽሑፍ አወጣ። ከዚያም ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ቤተ ሙከራ አልሰጡትም፤ በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሥራውን ቀጠለ።

ከሊቁ ጋር የተደረገ ክርክር

በዚያን ጊዜ በኬሚስትሪ ከሁሉ የገነነው ሰው ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነበር። ሽማሪም ሕይወት አለው ያለ የመጀመሪያው ሰው ፓስተር አይደለም፤ በ1837 አካባቢ ፈረንሳዊው ካኛር ላቱር፣ ጀርመናዊው ሽቫንና ሌሎችም ብለውት ነበር። ነገር ግን በ1839 ሊቢግና ጓደኛው ቮለር በመጽሔት ላይ የፌዝ ጽሑፍ አወጡ፤ ሽማሪምን ስኳር የሚበላ፣ አልኮል የሚያወጣ ትንሽ እንስሳ አድርገው ቀለዱበት። አገር ሁሉ ሳቀ። የሊቢግ ሐሳብ፣ ሽማሪም የሚበሰብስ ነገር ነው፣ መበስበሱ ስኳሩን እያናወጠ ይሰባብረዋል የሚል ነበር። በእሱ አነጋገር ሽማሪሙ የሚሠራው ስለሚሞት ነው፤ በፓስተር አነጋገር ግን ስለሚኖር ነው።

ታዲያ ፓስተር ምን አደረገ መሰላችሁ? ውሃ ውስጥ ንጹሕ ስኳር ጨመረ። የአሞኒያ ጨው ጨመረ። የተቃጠለ ሽማሪም አመድ ጨመረ። ሊበሰብስ የሚችል ነገር አንድም አላስገባም። ከዚያ የመርፌ ራስ የምታክል ሕያው ሽማሪም ጠብ አደረገበት። ሽማሪሙ ተራባ፣ በዛ፤ ስኳሩም አልኮል ሆነ። የሚሞት ነገር ከመርፌ ራስ ተነሥቶ አይበዛም። ሙሉ ጽሑፉ በ1860 ወጣ።

ሊቢግ ግን አላመነም። በ1870 ፓስተር ራሱ ሙኒክ ድረስ ሄዶ አነጋገረው። ሽማግሌው በአክብሮት ተቀበለው፤ በዚያ ጉዳይ ላይ ግን አሞኛል ብሎ አልወያይም አለ። በኋላ ፓስተር፣ ዳኞች ይቀመጡና በፊታቸው ሊቢግ የፈለገውን ያህል ሽማሪም ያለ አንዳች ብስባሽ አብቅዬ አሳያለሁ ሲል ጥሪ አቀረበ። መልስ አልመጣም። ሊቢግ በ1873 ሞተ።

ዳቦና ቢራ ለምን ይለያያሉ?

በ1861 ፓስተር ሌላ ነገር አስተዋለ። ሽማሪም አየር ሲያገኝ በፍጥነት ይራባል፤ የሚያወጣው አልኮል ግን ጥቂት ነው። አየር ሲያጣ ደግሞ እርባታው ይቀንሳል፤ ብዙ ስኳር እየፈጀ ብዙ አልኮል ያወጣል። የአንድ ፍጥረት ሁለት ጠባይ ነው።

የሽማሪም ፋብሪካ እስከ ዛሬ በዚህ እውቀት ይሠራል። ከስኳር ሥራ የሚተርፈውን ሞላሰስ ለሽማሪሙ ምግብ ይሰጡና ከሥር አየር ይነፉበታል፤ አልኮል ሳይሆን ሽማሪም ብቻ እንዲበዛ። ጠማቂው ግን አፉን ይከድናል። ሁለቱም የሚጠቀሙበት ሽማሪም አንድ ዘር ነው። ፋብሪካው ሳይኖር የአውሮፓ ጋጋሪዎች ሽማሪም የሚያመጡት ከቢራ ጠማቂ ቤት ነበር።

በሊጥ ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ሽማሪሙ በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር በልቶ አልኮልና አየር መሰል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሊጡን ይነፋዋል፤ አልኮሉ ከምጣዱ ሙቀት የተነሣ አብዛኛው ተንኖ ይሄዳል። የእኛ የእንጀራ እርሾ ደግሞ ብቻውን የሆነ ሽማሪም አይደለም፤ ሽማሪምም፣ ቢጎ ጋን ውስጥ እንደታየው ኮምጣጣ አሲድ የሚያወጣ ዘርም አብሮ ይኖርበታል። ለቢጎ ጥፋት የነበረው ለእንጀራ ጣዕም ነው። ከሱፐር በመጣ ሽማሪም ብቻ የተቦካ ሊጥ የእንጀራ ኮምጠጥ ማለት የሚጎድለው ለዚህ ነው።

የተጠማዘዘው ብልቃጥ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሽማሪምና ሌሎቹ ጥቃቅን ነገሮች ሕይወት አላቸው እንበል፤ ታዲያ ከየት ይመጣሉ? በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ከበሰበሰ ነገር ውስጥ በራሳቸው ይፈጠራሉ ይሉ ነበር።

ፓስተር ስኳርና የሽማሪም ጭማቂ ያለበትን ውሃ በብልቃጥ አድርጎ፣ የብልቃጡን አንገት በእሳት አለስልሶ እንደ ዝይ አንገት ጠመዘዘው። ከዚያ ውሃውን አፈላው። አየር በተጠማዘዘው አንገት ይገባል፤ አቧራው ግን እጥፋቱ ላይ ይቀራል። ውሃው ለወራት ጥርት እንዳለ ቆየ። ብልቃጡን ዘንበል አድርጎ ውሃው እጥፋቱ ላይ ያለውን አቧራ ከነካ ግን ወዲያው ይበላሻል። የሚያበላሸው አየሩ ሳይሆን በአየሩ ላይ ተሳፍሮ የሚመጣው ነው ማለት ነው።

በ1860 ደግሞ አንገታቸው የተዘጋ ብልቃጦች ይዞ ተራራ ወጣ። በዡራ ተራራ ግርጌ 20 ከፈተ፤ 8ቱ ተበላሹ። ከፍ ካለው ተራራ ላይ 20 ከፈተ፤ 5ቱ ተበላሹ። በሞን ብላን አጠገብ ከበረዶው ዘንድ 20 ከፈተ፤ የተበላሸው 1 ብቻ ሆነ። አየሩ እየጠራ በሄደ ቁጥር የሚመጣው ዘር ያንሳል። በ1862 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ለዚህ ሥራው ሽልማት ሰጠው።

ሐዘንና ሕመም

ስሙ በገነነበት በዚያው ጊዜ ቤቱ ሐዘን ገባ። በ1859 የመጀመሪያ ልጁ ዣን በ9 ዓመቷ በታይፎይድ ሞተች። በ1865 አባቱን ቀበረ፤ በዚያው ዓመት የ2 ዓመቷ ካሚይ ሞተች። በ1866 ደግሞ የ12 ዓመቷ ሴሲል በታይፎይድ ሄደች። ከአምስት ልጆች ሦስት ሴቶች ልጆቹን ቀበረ። ልጆች በሚራመዱበት መንገድ ላይ የቀሩባቸው ወላጆች በመካከላችን አሉ፤ ይህን ሐዘን በቃል ማስረዳት አይጠበቅብንም።

ኦክቶበር 19 ቀን 1868 ገና በ45 ዓመቱ ግማሽ ሰውነቱን መታው። ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ይሞታል ተባለ። እሱ ግን ሳምንት ሳይሞላው አልጋው ላይ ሆኖ ስለ ሐር ትል በሽታ የሚያጠናውን ሥራ ለረዳቱ እየነገረ አስጻፈ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ እያነከሰ፣ ግራ እጁ እንደ ደረቀ ኖረ። ትልልቅ ሥራዎቹ ብዙዎቹ የተሠሩት ከዚህ በኋላ ነው። የሞቱት ልጆቹ የሞቱበትን በሽታ የሚያመጡት እንደ ሽማሪም ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ሳይሆኑ አይቀሩም የሚለው ሐሳብም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አልለቀቀውም።

ወይን፣ ቢራና ወተት

በ1863 ንጉሠ ነገሥቱ ናፖሊዮን ሣልሳዊ የፈረንሳይ ወይን ጠጅ ለምን እንደሚበላሽ እንዲመረምር ጠይቆት ነበር። ፓስተር ባደገባት በአርቧ ሆኖ አጠናው። ያገኘው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ወይን ጠጁን ሳይፈላ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ማሞቅ። ጣዕሙ ብዙም ሳይለወጥ የሚያበላሸው ዘር ይሞታል። በ1865 ለዚህ የመብት ወረቀት አወጣ፤ ዘዴው በስሙ ተጠራ። ወተትን በዚህ ዘዴ ማከምን ግን ያመጡት ከእሱ በኋላ ሌሎች ናቸው፤ ጀርመናዊው ሶክስሌት በ1886 ሐሳቡን አቀረበ። ዛሬ በአብዛኛው ወተቱ በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ይሞቃል። ሜፉስታር ማለት ይህ ነው።

በ1870 እና በ1871 ፈረንሳይ በጀርመኖች ተሸነፈች። ፓስተር አገሩን ወዳድ ስለነበር ቢያንስ በቢራ ጀርመንን እንብለጥ ብሎ ተነሣ። ራሱ ግን ቢራ ብዙም አይወድም ነበር ይባላል። በ1871 ለንደን ሄዶ አንድ ትልቅ ቢራ ፋብሪካ ገባ። የሽማሪማቸውን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቶ ባዕድ ዘር እንዳለበት ነገራቸው። ጠማቂዎቹ ደነገጡ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲመለስ የራሳቸውን ማይክሮስኮፕ ገዝተው አገኛቸው። የቢራ መጽሐፉ በ1876 ታተመ። በ1883 ደግሞ በዴንማርክ በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንዲት ሽማሪም ብቻ ተነሥቶ ንጹሕ ዘር አራባ። ባለቤቱም ዘዴውን ለሌሎች ጠማቂዎች በነጻ አካፈለ።

በጥጥ የተጠቀለለው ወይን

አሁን የእኒያን እናት ጥያቄ በቀጥታ የሚመልሰው ሙከራ ላይ ደረስን። በ1878 ታላቁ የሕክምና ሊቅ ክሎድ በርናር ሞተ። ከሞተ በኋላ የታተመው ማስታወሻው ግን ፓስተርን የሚቃወም ሆኖ ተገኘ፤ የወይን ጭማቂ ያለ ሽማሪም ሕይወት አልኮል ሊያወጣ ይችላል የሚል ነው። በርናር ወዳጁ ነበርና ፓስተርን አሳዘነው። በቃል አልተከራከረም። የመስታወት ቤቶች፣ በእኛ አነጋገር ሐማማ፣ በጥድፊያ አሠርቶ ወደ አርቧ ወሰደና ወይኑ ገና ጥሬ ሳለ በግንዶቹ ላይ አቆማቸው። ዘለላዎቹንም በንጹሕ ጥጥ ጠቀለላቸው።

በመከር ጊዜ ተቆረጡ። ሜዳ ላይ የበሰለው ወይን ተጨምቆ እንደ ወትሮው ፈላ። በመስታወትና በጥጥ ተከልሎ የበሰለው ወይን ግን ስኳሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ አልፈላም። ምክንያቱም ሽማሪሙ የሚኖረው በወይኑ ጭማቂ ውስጥ ሳይሆን በልጣጩ ላይ ነው። ወይኑ ሲበስል ከውጭ መጥቶ ያርፍበታል።

ዱቄትም እንዲሁ ነው። ሽማሪሙ በእህሉ ገለባ ላይ፣ በዱቄቱ፣ በእጃችን፣ በቡሃቃው ላይ አለ። አሮጌው እርሾ ሲደፋ ብዙው ሠራዊት ይሄዳል፤ ጥቂቶቹ ግን ከአዲሱ ዱቄት ጋር ይመጣሉ። ውሃና ሙቀት ሲያገኙ ይራባሉ። አዲስ እርሾ ቀናት የሚፈጀው፣ አሮጌ እርሾ የተጨመረበት ግን ቶሎ ኩፍ የሚለው ለዚህ ነው። ዱቄትና ውሃ ከ18 ደቂቃ በላይ ሳይነካ ከተቀመጠ ሐሜጽ ይሆናል የሚለው ሕግም፣ ማንም እርሾ ሳይጨምርበት ሊጥ ሊቦካ እንደሚችል ከጥንት ጀምሮ የታወቀ መሆኑን ያሳየናል።

እብድ ውሻ የነከሰው ልጅ

ፓስተር ከጋንና ከበርሜል ወደ ሰውና ወደ እንስሳ በሽታ ተሻገረ። አባ ሰንጋን፣ የዶሮ ኮሌራን መረመረ። ጁላይ 6 ቀን 1885 ዦዜፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ከአልዛስ መጣ፤ እብድ ውሻ በብዙ ቦታ ነክሶታል። ፓስተር ሐኪም ስላልነበረ መርፌውን የወጋው ዶክተር ግራንሼ ነው። ልጁ 13 መርፌ ተወግቶ ዳነ። ከዓለም ሁሉ ገንዘብ ተዋጥቶ በ1888 በፓሪስ በስሙ ተቋም ተከፈተ። የኮሌራ ክትባት በ1892 ያገኘው የኦዴሳው አይሁዳዊ ቫልደማር ሃፍኪን የሠራው በዚያ ነው። በኋላ በ1949 የእስራኤል የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ሃይም ቫይዝማንም ስለ ጥቃቅን ሕያዋን የተማረው እዚያ ነበር፤ ስሙን ያስጠራው የኬሚስትሪ ሥራ በባክቴሪያ ከሚፈላ ስታርች አሴቶን ማውጣት ነው።

ያላወቀውና ያልተናገረው

ፓስተር ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 በ72 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው በተቋሙ ምድር ቤት ነው፤ በመቃብሩ ግድግዳ ላይ የወይን ሐረግና የፈረንጅ ጌሾ የሚባለው ሆፕ ተሥለውበታል።

ፍጹም ሰው አልነበረም። ተከራካሪዎቹን ያዋርድ፣ ክብርን ለብቻው ይወስድ ነበር። የሥራ ማስታወሻዎቹን የልጅ ልጁ በ1964 ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከሰጠ በኋላ የታሪክ ሰዎች አነበቧቸው። በ1881 በሕዝብ ፊት በጎች የተከተቡበት የአባ ሰንጋ መድኃኒት በረዳቱ ዘዴ የተዘጋጀ ሆኖ ሳለ ይህን ለሕዝብ አለመግለጡ ታወቀ። ማይስተርን ያከመበት ዘዴም በውሾች ላይ ሙከራው ገና አላለቀም ነበር። ልጁ መዳኑ እውነት ነው፤ ይህም እውነት ነው።

ስለ ሽማሪምም ሁሉን አላወቀም። በ1897፣ እሱ ከሞተ ከ2 ዓመት በኋላ፣ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡኽነር ሽማሪምን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ ጨመቀው። ሕይወት የሌለው ጭማቂ ስኳሩን አፈላው። በርናርም በከፊል ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ሽማሪሙ በውስጡ የሚያበጀው ኤንዛይም ነው። ኤንዛይም የሚለው የግሪክ ቃል ራሱ ትርጉሙ በእርሾ ውስጥ ማለት ነው። ቡኽነር ለዚህ በ1907 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ሊቢግም ቢሆን ባዶ እጁን አልቀረም። ከቢራ የተረፈ ሽማሪም ተጨምቆ ምግብ ሊሆን እንደሚችል ያሳየ እሱ ነው። ከዚያ ሐሳብ ተነሥቶ በ1902 በእንግሊዝ ማርማይት የሚባለው ጥቁር ቅባት መሰል ምግብ ወጣ። በ1931 እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሉሲ ዊልስ በቦምቤይ ደም ያነሳቸውን ነፍሰ ጡሮች በዚህ ምግብ እንደረዳች ጻፈች። የረዳቸው ፎሊክ አሲድ መሆኑ በኋላ ታወቀ። በጢፓት ሐላቭ ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው ያው ነው።

ለቤት እመቤቶችና ለጋጋሪዎች

ሽማሪም ሕያው ነው ካልን እንደ ሕያው ነገር እንያዘው። በሱፐር የሚሸጠው ትኩሱ 50 ግራም ቁራጭ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ። ሲበጠበጥ ውሃው እጅ ላይ ለብ የሚል ይሁን፤ 55 ዲግሪ ያለፈ ውሃ ይገድለዋል፣ ሊጡም ዝም ብሎ ይተኛል። ደረቁን ሽማሪም ስትጠቀሙ ከትኩሱ ክብደት ሲሶው ይበቃል። ለዳቦ የሚሸጠው ሕያው ሽማሪም ጥሬውን አይበላ። ለምግብነት ተብሎ የሚሸጠው የሞተው ሽማሪም ግን ፕሮቲንና ብዙዎቹ የቢ ቪታሚኖች አሉበት፤ ቢ 12 ግን ካልጨመሩበት በቀር የለውም። የታመመ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የዚህ ጽሑፍ ቃላት፦ ሽማሪም እርሾ፣ ባጼክ ሊጥ፣ ሐሜጽ የቦካ፣ ማጻ ያልቦካ ቂጣ፣ ትሲሳ ፍላት፣ ያዪን የወይን ጠጅ፣ ሐላቭ ወተት፣ ሜፉስታር በሙቀት የታከመ።

እናታችን፣ መልሱ ይህ ነው። በጎንደር በአዲሱ ቡሃቃ ያኮፈኮፈው እርሾ ከዱቄቱና ከእጅዎ የመጣ ነው። ፓስተር የመሰከረው ነገር በእጅዎ ነበር፤ እሱ የጨመረው ማየቱን ነው። ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያለው ሰው በክፍል ውስጥ አይፈር፣ ይጠይቅ። ጥያቄ እንደ እርሾ ነው፤ ጥቂቱ ብዙውን ያቦካል።

በሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን።